ሐይቁን ጭኖ ባሕር የወረደው ሰው

ለየብስ፣ ለባሕር፣ በውስጣቸውም ለሚርመሰመሰው ፍጡር ሁሉ! የሠላሳ ስምንት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ የሸምበቆው ዳርቻ አድሚራል፣ የኢማዙ ዳክዬዎች የበላይ ጠባቂ፣ ማዕበል ሳያይ የማዕበል ሊቅ የሆነው ሺጌኖ ሙኔሃሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጨው ውሃውን በግዛቱ ሥር ያጠቃለለ ስለሆነ፣ ዓሣ ነባሪዎች መንገድ እንዲለቁ፣ አውሎ ነፋስም ከመምጣቱ በፊት የማመልከቻ ደብዳቤ እንዲያስገባ ታዟል።

ይህን አዋጅ ያወጀው ማንም የለም። ሙኔሃሩ ግን በዚያ የግንቦት ማለዳ፣ ጀልባውን ከትንሿ ነጭ የጭነት መኪና ኋላ በተቀጠለው ጋሪ ላይ ሲያስር፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማይ ሲነበብ ይሰማው ነበር። የሚሄድበት ባሕር ከቤቱ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሐይቅ ዳር ከተማው የኢማዙ አሮጊቶች ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት አገር ነው።

አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። ሙኔሃሩ ግን ባሕሩን አይቶታል። ከሚስቱ ዘመዶች ጋር በየዓመቱ አይቶ፣ አይቶ፣ ምስጋና እንደማይገባው ወስኖበታል። በማዘጋጃ ቤቱ ውሃ ክፍል ተቀጥሮ፣ በሰው ግቢ የብረት ክዳን እያነሳ ቆጣሪ ሲያነብ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ውሃ ማለት ለእሱ ሐይቁ ብቻ ነው። የቀረው እርጥበት ነው።

ጀልባዋ ኒዮ ትባላለች። ኒዮ በሐይቁ ላይ ብቅ ጥልቅ የምትል ትንሽ ወፍ ናት። አራት ሜትር እንጨት፣ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ነጭ ሸራ። ደህና አናጢ በሁለት ወር የሚጨርሳትን ሙኔሃሩ በአሥራ አንድ ዓመት ጨረሳት። በእሷ ላይ ሲወጣ የሚጠጣ ውሃ ይዞ አያውቅም። ኩባያውን በጎን ዘፈቅ አድርጎ ይጠጣል፤ ሻይ ሲያምረው ማንቆርቆሪያውን ዘፈቅ ያደርጋል። ሐይቅ ላይ ውሃ ይዞ መውጣት ወፍጮ ቤት ዱቄት ይዞ እንደ መሄድ ነው ባይ ነው።

ታዲያ ይህ የሐይቅ አርበኛ ምን አግኝቶት ወደ ባሕር ወረደ? ቤት አጥቶ ነው። ኒዮ የምታድርበት የጀልባ መጠለያ ባለቤት ሞተ፤ ወራሾቹ ከቀብር መልስ ሸምበቆውን አጭደው፣ መጠለያውን አፍርሰው፣ የመኪና ማቆሚያ አደረጉት። ሙኔሃሩ ባለ ሰባት ነጥብ የአቋም መግለጫ ጽፎ በየቤቱ አደለ። ሰባተኛውን ነጥብ ያነበበ ሰው አልተገኘም። የቀረው ጣሪያ አንድ ነበር፤ በዋካሳ ባሕር ዳር በኮኡራ መንደር፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም የኢሶጂ ቤት። የኮኡራ ቤቶች ምድር ቤታቸው ለባሕሩ ክፍት ነው፤ ሰው ላይ ይተኛል፣ ጀልባ ታች ይተኛል። ኢሶጂ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከእሱ ጀልባ ጎን አንድ ክፍት ቦታ አለው።

በስልክ እንዲህ ተነጋገሩ።

«ጋሼ፣ ቦታውስ አለ። ግን ባሕር የማትችል ጀልባ ቤቴ ሥር ባሳድር መንደሩ ይስቅብኛል።»

«ትችላለች!»

«እንግዲያው ባሕሩ መሐል የቆመችውን የአሞራዋን ድንጋይ ዙራት። ብቻህን። ዞረህ ከመጣህ ቦታው እስከ ዕድሜህ ያንተ ነው። ‹ገመድ ወርውርልኝ› ካልክ ግን ጎትቼ አመጣሃለሁ፣ ጀልባዋን እናቴ ትወስዳታለች።»

«እማማ ጀልባ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አፈር ሞልታ ስኳር ድንች ትተክልባታለች። ፎቶዋን አይታ ለክታ ጨርሳለች። አርባ ሁለት ሐረግ ትይዛለች ብላለች።»

እማማ ታዜ፣ የኢሶጂና የእህቱ የፉሚኖ እናት፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ባሕር ሥር እየጠለቁ ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ጠላቂ ነበሩ፤ ያን ጊዜ የያዙትን ትንፋሽ እስካሁን ለነገር ይጠቀሙበታል። ከአማቻቸው ጋር ያላቸው ቂም ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠርጉ ዕለት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ከሙሽራዋ ቤትና ከሙሽራው ቤት የመጣ ውሃ በአንድ ሳህን ተቀላቅሎ ሁለቱ እንዲጠጡት ቀረበ። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ የነበረው ሙኔሃሩ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሰገደ፣ ከዚያም ከደረት ኪሱ የውሃ መመርመሪያ ወረቀት አውጥቶ ነከረበት። ወረቀቱ ቀለም እስኪቀይር ሠርገኛው ሁሉ ጠበቀ። «ደህና ነው» አለና ጠጣ። እማማ ታዜ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

እንግዲህ የሚሄደው ወደዚህች ሴት ደጃፍ ነው፤ የሚያስይዘውም የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቱን ነው።

ሚስቱ ፉሚኖ መኪናውን ልትነዳ ቁልፍ ይዛ ስትወጣ (ጋሪ የተቀጠለበት መኪና ወደ ኋላ ሲመልስ የጎረቤት አጥር ከጣለ ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት) ሙኔሃሩ በባልዲ ከሐይቁ እየቀዳ ጀልባዋ ውስጥ ይገለብጣል።

«ሙኔ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ውሃ እየጨመርኩ።»

«ጀልባ ውስጥ?»

«መንገድ ላይ ፀሐይ ሲመታት እንጨቷ ይሸማቀቃል። የደረቀች ጀልባ እንደ ወንፊት ናት።»

«ባሕሩ ጋ ውሃ የለም?»

«እሱ ውሃ አይደለም።»

«እርጥብ ጆንያ ብናለብሳትስ? ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው?»

«ጆንያ ለድንች ነው።»

«ድንቹስ መች ይቀራል» አለች ፉሚኖና ገብታ ሞተሩን አስነሳች።

ያልነገራት ሌላ ምክንያት ነበረው። ውሃ ሲቀየርበት የማይታመም ማን አለ? ኒዮ የሐይቅ ልጅ ናት። ጨውን በድንገት ስትቀምስ የእናቷ ቤት ውሃ በሆዷ ቢኖር ያጽናናታል ብሎ አሰበ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ስድሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው ለእንጨት ሆድ ይራራል መባልን ፈራ። ሃያ ባልዲ ሐይቅ ጨመረና ተሳፈረ።

ወደ ባሕሩ በሚያሻግረው ዳገት ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት በጨው የታሸ ዓሣ በሰው ጀርባ ተጭኖ ከዋካሳ ባሕር ወደ ኪዮቶ ሲወጣ ኖሯል። ጨው ሽቅብ ወጥቶበታል። ሐይቅ ቁልቁል ሲወርድበት ግን መንገዱም ተራራውም ይህን የመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነው።

ዳገቱ ላይ ሐይቁ ወደ ኋላ ሄደ። በኒዮ ቂጥ በኩል እየተንቦጫረቀ፣ ከኋላ በምትከተለው ሰማያዊ መኪና መስታወት ላይ ዘነበ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሾፌሩ ግን የዝናብ መጥረጊያውን አስነስቶ ሦስት ኪሎ ሜትር ነዳ። በመጨረሻ አልፏቸው ሲሄድ አንገቱን አወጣ።

«አባት! ጀልባዎ እየሰጠመች ነው!»

«አትሰጥምም! እየጠጣች ነው!» አለ ሙኔሃሩ።

ሰውየው መስታወቱን ዘግቶ ፍጥነት ጨመረ። እብድ ያገኘ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ቁልቁለቱ ላይ ሐይቁ ወደ ፊት መጣ። ፉሚኖ ፍሬን በረገጠች ቁጥር ሃያው ባልዲ ተንደርድሮ የጀልባዋን አፍንጫ በቦክስ ይማታል፣ መኪናዋም ከኋላዋ በእርግጫ እንደ ተመታች ፍየል ትዘላለች። በኒዮ አፍንጫ ውስጥ አየር ብቻ የሚያዝበት ዝግ ሣጥን አለ፤ ብትገለበጥ አንሳፍፎ የሚይዛት እሱ ነው። መሐል መንገድ ላይ ኩማጋዋ ከምትባል መንደር ደርሰው ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙ፣ የዚያ ሣጥን ክዳን በግፊቱ ተከፍቶ ሲወዛወዝ ሙኔሃሩ አየ። ክዳኑን ገፍቶ፣ መቀርቀሪያውን ጠርቅሞ፣ እጁን አራገፈ። ወደ ውስጥ አላየም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ክዳን እየከፈተ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ማየት በሚገባው ቀን ክዳን ዘግቶ ሄደ።

ኮኡራ ሲደርሱ እማማ ታዜ በተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ የስኳር ድንች ሐረግ በቅርጫት አጠገባቸው አለ።

«መጣህ፣ የቆጣሪው ሰውዬ?»

«መጣሁ እማማ። ደህና ሰነበቱ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ሐረጉ ግን ጠውልጎብኛል። ቶሎ በል።»

ሙኔሃሩ ከጀልባዋ ቂጥ ቡሹን ነቀለ። ሐይቁ በሲሚንቶው ላይ ፈሶ፣ ጠርዙ ጋ ትንሽ አመንትቶ፣ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትደፋው?» አለ ኢሶጂ።

«ሐይቅ።»

«ከኢማዙ?»

«ታዲያ ከየት?»

ኢሶጂ የሚቀመጥበት ፈልጎ ተቀመጠ። የሳቅ እንባውን ሲጨርስ፣ «እኛ ዓሣ ስንልክላችሁ እንኳ ባሕሩን እዚሁ እንተዋለን እኮ» አለ።

ኒዮን ወደ ውሃው በሚያዘቀዝቀው ሲሚንቶ አውርደው ጨው ውሃ ላይ ሲያስቀምጧት አፍንጫዋን ደፋች። ቂጧ ሽቅብ፣ ግንባሯ ቁልቁል።

«ምነው አጎነበሰች?» አለ ኢሶጂ።

«ትሕትና ነው። ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው። እዚያ ለሰው ሰላምታ ይሰጣል።»

«እኔ ግን ድንጋይ የዋጠች መሰለችኝ። ሣጥኑን ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ስለ ክዳን ለእኔ? ስለ ክዳን ታስተምረኛለህ?»

«ተውኩት ጋሼ፣ ተውኩት።»

ፉሚኖ የገብስ ሻይ የሞላ ኮዳ ዘረጋችለት። ሙኔሃሩ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ውሃ ላይ ስወጣ ውሃ ይዤ አላውቅም።»

«ይኼኛው አይጠጣም።»

«የሁለት ሰዓት ጉዞ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ነኝ?»

ፉሚኖ ኮዳውን ለወንድሟ ሰጠችው። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር በኋላ ዝም ማለት ከንግግር ሁሉ እንደሚበልጥ ታውቃለች፤ ዝም ባለችበት ነገር ሁሉ ደግሞ ትክክል ሆና ወጥታለች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከተራራው በሚወርደው የየብስ ነፋስ ሸራው ተነፋና ሙኔሃሩ ወጣ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክብር ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ እጁን አውለበለበ። የአሞራዋ ድንጋይ፣ በአሞራ ኩስ ነጥታ፣ ከባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ይኸውና ባሕር የሚሉት» አለ ለራሱ። «የጨመሩበት ጨው ብቻ ነው።»

ከድንጋዩ ጀርባ ሲዞር ነፋሱ ቆመ። ሞገዱ አልቆመም።

ይህ በሐይቅ ሕግ ወንጀል ነው። ሐይቅ ላይ ሞገድ የነፋስ ሎሌ ነው፤ ጌታው ሲተኛ እሱም ይተኛል። እዚህ ግን ነፋሱ የለም፣ ሸራው እንደ ታጠበ አንሶላ ተንጠልጥሏል፣ ከታች ደግሞ ለስላሳ፣ ዘይት የመሰለ ኮረብታ እየመጣ ኒዮን ያነሳታል፣ ያስቀምጣታል፣ ሌላው ይመጣል። ምናልባት ትናንት በሩቅ ባሕር ላይ አንድ ነፋስ ተቆጥቶ ነበር፤ እሱ ረስቶታል፣ ሞገዱ ግን መልእክቱን ዛሬ ሊያደርስ መጥቷል። ሙኔሃሩ በስብሰባ እንደ ተገኘ ሰው ተነስቶ፣ «ነፋስ በሌለበት ሞገድ ሊኖር አይችልም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጠዋቱን የሩዝ ኳስ ለባሕሩ አስረከበ። ቀጥሎ የትናንቱን እራት። ቀጥሎ የራሱ መሆኑን እርግጠኛ ያልሆነበትን።

ሲያበቃ አፉን ለመጉመጥመጥ እጁን ሰደደ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ጌታውን አይጠይቅም፤ ኩባያውን አነሳ፣ በጎን ዘፈቅ አደረገ፣ ወደ አፍ አደረሰ። ጭንቅላቱ እጁን የደረሰበት ሁለት ጉንጭ ሙሉ ከወረደ በኋላ ነው። ድፍን ዋካሳ ጉሮሮው ውስጥ ገብታ ቆመች።

የውሃ ክፍል ሰው፣ በውሃ ተከቦ፣ ውሃ ጠማው።

እዚህ ላይ አንድ መሣሪያ እንዳለው ትዝ አለው። መቅዘፊያ አይደለም፤ መቅዘፊያ የዓሣ አጥማጅ ነው። ሸምበቆ ውስጥ ጭቃውን እየገፋ የሚሄድበት ረጅም ቀርከሃ ነበረው። አነሳና ባሕሩን ወጋው። ቀርከሃው ገባ፣ እጁ ተከተለ፣ ክንዱ ተከተለ፣ ትከሻው ሊከተል ሲል ቆም ብሎ አሰበ። ከሥሩ ያለው ውሃ አርባ ሜትር ነው። ቀርከሃውን ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ማንም እንዳላየው አረጋግጦ፣ አስተኛው።

አይቶታል። ኢሶጂ በሞተር ጀልባው መጥቶ፣ ከሃምሳ እርምጃ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ! ታችኛውን አገኘኸው?»

«እየለካሁ ነው!»

«ፊትህ ምነው አረንጓዴ ሆነ?»

«የሸራው ጥላ ነው!»

«ሸራህ ነጭ ነው እኮ።» ኢሶጂ ማንቆርቆሪያ አነሳ። «የፉሚኖን የገብስ ሻይ ከኮዳው ገልብጬ በረዶ ጨምሬበት ይዤው መጣሁ። ስማው እስቲ።» ነቀነቀው። በረዶው ብረቱ ውስጥ ቅጭል ቅጭል አለ። ሙኔሃሩ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቶ አያውቅም። ኢሶጂ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ቀድቶ፣ እያየው፣ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮውን እያስጮኸ ጠጣ። «እ…ህ!» አለና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ገመድ አልጠይቅም» አለ ሙኔሃሩ። «ሻይ ብቻ ብጠይቅስ?»

«ስወጣ እናቴን ጠይቄያት ነበር፤ ሻይ ቢለምነኝስ ብዬ።»

«ምን አሉ?»

«ሻይም ገመድ ነው አለች። ውሃ የሚጠጣ እንጂ ውሃ የሚለምን ጀልባ አይቼ አላውቅም፤ ውሃ የሚለምነው ማሳ ነው፣ ማሳ ከሆነ ደግሞ ይተከልበታል አለች።»

ሙኔሃሩ ምላሱን ከላንቃው አላቀቀ። ሞገዱ ኒዮን ቀስ እያለ ወደ ድንጋዩ ይገፋታል፤ አፍንጫዋ ከብዶ አትዞርለትም። አሞራዎቹ አንገታቸውን አስረዝመው ያዩታል። ቃሉ ጥርሱ ጋ ደረሰ። «ገ…» አለ።

ኢሶጂ ብድግ አለ። «እ?»

ሙኔሃሩ እጁን በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። አራተኛው ሳንቃ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ በሩዝ ማብሰያ እንፋሎት ያለሰለሱት። አንዱን ጫፍ እሱ ይዞ፣ ሌላውን ፉሚኖ በፎጣ ይዛ፣ «ጨርስ እንጂ፣ ሩዙ አረረ» እያለች። እያንዳንዱ ሳንቃ ሌላ ጫፍ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ እሷ ነበረች። አርባ ሁለት ሐረግ።

«ገና ጊዜ አለኝ!» አለ።

ኢሶጂ ተመልሶ ተቀመጠና ሌላ ብርጭቆ ቀዳ።

ያን ጊዜ ነው ከፊት በኩል ድምፅ የተሰማው። ቧ። ደግሞ ቧ። ከሣጥኑ ውስጥ። ኒዮ ተሰንጥቃለች፣ ባሕሩ ገብቶባታል፣ አለቀ። ሙኔሃሩ በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ መቀርቀሪያውን ሳበው። ክዳኑ ተበርግዶ ውሃ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠለጠነው ጣቱ ግን ቀድሞት ውሃውን ነካና ምላሱ ላይ አኖረ።

ጨው የለውም።

ጭቃ ጭቃ ይላል፣ ሸምበቆ ሸምበቆ ይላል፣ ከሥሩም ትንሽ የዳክዬ ነገር አለበት። ከቁልቁለቱ የተወረወረው ሁለት ጀሪካን የሚያህል ሐይቅ፣ እሱ ራሱ ኩማጋዋ ላይ ከርችሞበት፣ ቀኑን ሙሉ የጀልባዋን ግንባር ይዞ ሲያሰግዳት ውሏል። መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ብርሃን የሚያሳልፍ ሰውነት ያላት የሐይቅ ሽሪምፕ፣ ምን እንደ ደረሰባት የማታውቅ፣ ወደ ኋላ እየዘለለች ትዋኛለች።

ሙኔሃሩ ጭንቅላቱን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ ጠጣ። እንደ በሬ ጠጣ።

«ጋሼ!» ኢሶጂ ቆሞ አንገቱን ይሰግጋል። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

ሙኔሃሩ ቀና አለ። ከአገጩ የሐይቅ ሣር ተንጠልጥሏል።

«ኢማዙን» አለ።

ከዚያ በባልዲ እየጨለፈ የቀረውን ደፋ። በእያንዳንዱ ባልዲ የኒዮ አፍንጫ በጣት ያህል ቀና ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሳህን የሚሞላ ያህል ከነሽሪምፗ ቀረ፤ እሱን መድፋት እጁ እንቢ አለው። ክዳኑን በቀስታ ዘጋ። ወዲያው፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ ልማዱ፣ ነፋሱ ከባሕሩ ወደ የብስ ዞረ። ሸራው ሁለቴ ተማታና ሞላ። ኒዮ ግንባሯን አቅንታ ከድንጋዩ ሥር ሾልካ ወጣች፤ አሞራዎቹም አፍረው ሌላ አቅጣጫ አዩ። ኢሶጂ ባዶ ማንቆርቆሪያውን ታቅፎ ከኋላ ተከተለ። አሁን እሱን ሽንቱ አጣድፎታል።

ሐይቅ ዳር ጀልባ ማቆም ቀላል ነው፤ ሸራውን ትለቃለህ፣ ሸምበቆው ይቀበልሃል። ሙኔሃሩም ሸራውን ለቀቀና እጁን አጣምሮ፣ ኩሩ ሆኖ፣ ሸምበቆውን ጠበቀ። ከፊቱ ሲሚንቶ ነበር። አንድ ክንድ ሲቀረው ፉሚኖ ከጠርዙ ጎንበስ ብላ የኒዮን አፍንጫ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሌላውን ጫፍ ያዝ እንጂ!» አለችው።

እማማ ታዜ ከሣጥናቸው ተነሱ።

«ገመድ አለ?»

«አላለም» አለ ኢሶጂ። «‹ገ› ብሎ ነበር።»

«‹ገ› ገመድ አይደለም። ሻይስ?»

«አልጠጣም እናቴ። ሻይ ጨርሼ የመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ የጠጣው ሐይቁን ነው። ደብቆ አምጥቶት ነበር።»

«እኔ አልደበቅሁም!» አለ ሙኔሃሩ።

አሮጊቷ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የማንንም እጅ ሳይይዙ፣ ወርደው ሣጥኑን ከፈቱ። ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩ። ሙኔሃሩ ሐረጉን አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ ሐረጉን አየ።

«ከእናቷ ቤት ውሃ ደብቃ የመጣች ሙሽራ፣ ልትመለስ ያሰበች ናት» አሉ ቀና ብለው። «እንዲህ ያለችው ቤቴ ሥር አታድርም።»

«እማማ…»

«ዝም በል። አልጨረስኩም። ውሃው ሳይቀላቀል አታድርም ነው የምለው። ፉሚኖ፣ ሳህኑን አምጪ።»

የቱን ሳህን እንደሆነ ፉሚኖ አልጠየቀችም። ያው የሠርጉ ሳህን መጣ። እማማ ታዜ ግማሹን ከሣጥኑ፣ ግማሹን ከባሕሩ ሞሉና ለአማቻቸው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። ሽሪምፗ መሐሉ ላይ እየተወዛወዘች የሁለቱን አገር ልዩነት ታጠናለች።

«ወረቀትህን ይዘሃል?» አሉት።

«አልያዝኩም እማማ።»

ወረቀቱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተለይቶት አያውቅም። ሙኔሃሩ ሳህኑን ተቀብሎ፣ ሰግዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ሳይመረምር የጠጣው የመጀመሪያው የሰው ውሃ ነው። ፊቱ ምን እንደ ሆነ አይነገርም።

«ሙኔሃሩ» አሉ አሮጊቷ። ስሙን ሲጠሩ ኢሶጂ ዞሮ አያቸው። «አንጠፍጥፈህ አትጨርሰው። ለሌላውም ተው።»

እሳቸው ጠጡና «የበሰበሰ ሸምበቆ» አሉ። ፉሚኖ ጠጣች፤ አሁንም ዝም።

«እንግዲህ አንተ» አሉ ወደ ልጃቸው።

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ?»

«የሙሽራው ወገን ማን ነው? ባሕሩ ያንተ አይደል እንዴ ቀኑን ሙሉ ስትፎክርበት የዋልከው?»

«እናቴ፣ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ ቦታ የለኝም!»

«ቦታ አለህ። ከጀልባህ ጎን አንድ ነበረህ፣ እሱም ዛሬ ተያዘ። ጠጣ። ካልጠጣህ ያንተ ጀልባ ስንት ሐረግ እንደምትይዝ ዛሬውኑ እለካለሁ።»

ኢሶጂ ጠጣ። ሽሪምፗን ውጫታለሁ ብሎ እስከ ዛሬ ይምላል፤ እማማ ታዜ ደግሞ ሳህኑ ውስጥ አይቻታለሁ ይላሉ። ኒዮ ያን ቀን ከኢሶጂ ጀልባ ጎን ገባች። ሐረጉ ከቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ መደብ ላይ ተተከለ፤ አርባ ሁለት ነበር፣ ሙኔሃሩ ራሱ ቆጥሮ ተከለው።

ሳህኑ ግን አላለቀም። ግማሹ እንዳለ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከኩማጋዋ ቁልቁለት ጀምሮ ስትስቅ ተሰምተሃል፤ አንተም የሠፈርህን ኩሬ ታቅፈህ የሌላውን ባሕር ጨው በዛበት የምትል መሆንህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ተራው አንተ ጋ ደርሷል። በሁለት እጅህ ተቀበል፣ ወረቀት አትንከርበት፣ ሽሪምፗን ካየሃትም ለኢሶጂ አትንገረው፤ ብቻ እባክህ፣ ከመጠጣትህ በፊት፣ ያንን የራስህን ክዳን አንዴ ከፈት አድርገህ ወደ ውስጥ እይ።